ለእማዬ መቀበያ የተነቀስኩት ልብ

እናቴ አንገቷን ዙሪያውን የተነቀሰች ነበረች። «ወርቅ ይሰረቃል፤ ይሄ ግን አብሮኝ መቃብር ይገባል» እያለች ትስቅ ነበር።

ቪዛዋ ወጥቶ፣ ትኬቷ ተቆርጦ፣ ሎስ አንጀለስ ልትገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት እኔም ልነቀስ ተነሳሁ። በአርባ ሦስት ዓመቴ! ቁስሉ እስክትመጣ ይድናል ብዬ ነው። ፓርኪንግ ከምሠራበት ከፌርፋክስ ብዙም ሳይርቅ አንድ ንቅሳት ቤት አለ፤ ግድግዳው በድሮ መርከበኞች ሥዕል የተሞላ፤ መልሕቅ፣ ጽጌረዳ፣ ጩቤ፣ ሁሉም በወፍራም ጥቁር መስመርና በደማቅ ቀይ። እኔ ጥብጣብ የተጠመጠመበትን ልብና ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለውን ወፍ መረጥኩ። ጥብጣቡ ላይ የሚገባውን «እማዬ» በእጄ ጽፌ ሰጠሁ።

ከምንኖርበት ከዌስት አዳምስ በመኪናው ያመጣኝ አብሮኝ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው።

«እና፣ ሌላ ቀን ብታደርገው አይሻልም?» አለኝ መንገድ ላይ።

«ኤርፖርት እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የምቀበላት። አርፈህ ድራይቭ አድርግ!»

ነቃሹ ሽማግሌ ስለ ወፏ አስረዳን። መርከበኛው በሰላም ቤቱ እንዲገባ ትነቀሳለች፤ ባሕር ላይ ከሞተም ነፍሱን ይዛ ትሄዳለች አለ። «ለኔ የመጀመሪያው ይሁንልኝ» ብዬ ሳቅኩ። መርፌው ሲጀምር የአክስቴ ልጅ ዕንባው ዱብ ዱብ አለ።

«የምወጋው እኔ፣ የምታለቅሰው አንተ? ፈሪ!»

ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል። ምን እንደመጣብኝ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እማዬ ከተቀበረች አምስት ቀኗ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። የአክስቴ ልጅ ካረፈችበት ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። ወጉ ነው፤ እኔም በሌላ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ። ቢሆንም እግዜር ይይለት።

ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ያበጠ ክንዴን አየ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው ተንሰቀሰቁ።

«አዬ ልጄ! ሐዘንህን በሥጋህ ላይ ጻፍከው?»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። «ለመቀበያዋ ነበር» ልል አፌን ከፈትኩና አቃተኝ። ይህን የሚያውቀው የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ጥግ ይዞ አቀርቅሯል። የእማዬ ንቅሳት እንዳለችው አብሯት ገብቷል። እኔ የኔን ለማን ላሳይ?