የቢንጎዋ በርጩማ

የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ሥጋ ቆራጭ በዓቢይ ጾም ምን ይሠራል? ቢላዋ ይስላል። የተሳለውን ደግሞ መልሶ ይስላል። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም፣ እሠራበት በነበረው ቤት፣ እመቤቲቱ ጾም ሲገባ የሥጋውን መስኮት በነጭ ጨርቅ ትጋርደው ነበር። ሌሎቹ ቤቶች ለኬንያውያኑና ለፈረንጆቹ መቁረጣቸውን አይተዉም። እሷ ግን፣ «እኔ እየጾምኩ ቤቴ አይፈስክም» ትላለች። ደመወዜን አትቀንስብኝም። እኔም ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እጄን አጣጥፌ እከርማለሁ።

በአንዱ ጾም፣ የሁለት ሺህዎቹ እኩሌታ ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍሏ ሆና ጠራችኝ።

«አባባ፣ ሥራ ካልያዙ ይምጡ እስቲ። እዚች በርጩማ ላይ ይቀመጡልኝ።»

ኮምፒውተሩ ተከፍቷል። የግራ ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል፤ በቀኙም ላይ ሞራ እየወጣበት ነበርና የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ያለው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ነገር ነው የሚመስለኝ። ያም ሆኖ አንዲት ክብ ነገር ተንከባልላ ስትቆም አየሁ። ወዲያው አንዲት ሴት ከውስጥ ሆና በእንግሊዝኛ ቁጥር ጠራች። የእንግሊዝኛ ቁጥር አውቃለሁ፤ ከጠረጴዛ ቁጥር ነው የተማርኩት።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ?»

«ቢንጎ ነዋ! እህቴ ለንደን ቁጭ ብላ ይሄንኑ ነው የምታየው። ይቺን ቁጥር እሷም አሁን ሰማቻት።»

«አሁን? እኛ ስንሰማ?»

«እኛ ስንሰማ።»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ቢንጎ ለኔ አዲስ አልነበረም፤ በወጣትነቴ ድሬዳዋ አውቀዋለሁ። አንድ ሰውዬ ከረጢት ይነቀንቃል፣ ቁጥር አውጥቶ ይጮኻል፣ እኛ ካርቶናችን ላይ የበቆሎ ፍሬ እናስቀምጣለን። እዚህ ከረጢት የለ፣ በቆሎ የለ። ቁጥሩ ሲጠራ ካርዱ ራሱን በራሱ ይሰርዛል። እጅ የሌለው ሰው ሊጫወተው ይችላል። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ያ ሁሉ ባሕርና በረሃ በመሃል እያለ፣ ሁለት እህትማማቾች አንዲት ቁጥር ላይ እኩል ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ያን ቀን በርጩማው ላይ ሆኜ አማተብኩ።

«ግን በጾም ቁማር?» አልኳት ቆይቼ።

«ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው አባባ!» ብላ ሳቀች። ኋላ ሳቋን ተወችና፣ «ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ተይው አሉኝ። ልክ ካላበጀሁለት እተወዋለሁ ብያቸዋለሁ» አለች።

ልኩን ያየሁት ያኔ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ትከፍተዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጾም ሲፈታ፣ ወጥ ቤቷ ሽሮውን ይዛ በሩን ታንኳኳለች። በሩ ሲንኳኳ ይዘጋል። በአንዱ ቀን አንዲት ቁጥር ብቻ ቀርቷት ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«አንዲት ናት የቀረችሽ!» አልኩ ከበርጩማው ተነሥቼ።

«ትቅር» አለችና ዘጋችው። እጇን ታጠበች።

ያስደነቀኝ ሌላም አለ። የቢንጎውን ቤት፣ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ፣ «በሳምንት ከዚህ በላይ ብልክልህ አትቀበለኝ» ብላ አስራዋለች። ብትለምነው፣ ብታለቅስበት፣ ሳምንቱ ካልዞረ አይፈታላትም። ገንዘብ አልቀበልም የሚል የቁማር ቤት! ድሬዳዋ ያለው ቤት ግድግዳው ላይ ረጃጅም ምስማር ነበረው። የኪሱን የጨረሰ ሰው ኮቱን እያወለቀ እዚያ ይሰቅላል፤ ባለቤቱ በኮቱ ግምት ያጫውተዋል። የኔም ኮት እዚያ ተሰቅሎ ቀርቷል። ለሠርግ የተሰፋ ኮት ነበር።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ። ሆኖም በሦስተኛው ሳምንት፣ «እስቲ ይቺን ካርድ እርስዎ ይምረጡልኝ» አለችኝ። በጣቴ አንዷን ነካሁ። ያች ካርድ ሞላች። ብዙ አይደለም ያገኘነው፤ ግማሹን ለኔ ሰጠችኝ፤ ሁለት ኪሎ ቡና ገዛሁበት። ግን ልቤ ሌላ ነገር ገዛ። «ለካ እጄ እድለኛ ኖሯል፤ ለካ በርጩማው ላይ የጠራችኝ ለዚህ ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ጉርሻዬን አምጥቼ አስጫውቺኝ ማለት ጀመርኩ። እሷም በሳምንት የአንድ ቀን ምሳ ያህል ብቻ ፈቀደችልኝ። ከራሷ ልክ ላይ ቀንሳ ነው፤ በእኔ ምክንያት አንድ ሳንቲም አልጨመረችም። ሰኞ ይሰጠኛል፣ ማክሰኞ ያልቅብኛል። የቀረውን ሳምንት በባዶ እጄ ቁጥር እየሰማሁ እቃጠላለሁ።

«በስሜ ሌላ ክፈቺልኝ» አልኳት።

«አልከፍትም።»

«የራሴ ገንዘብ ነው እኮ!»

«የራስዎ ነው። አልከፍትም አባባ።»

ሌሊት ተኝቼ እንኳ የሴትዮዋ ድምፅ ቁጥር ይጠራኝ ነበር። በመጨረሻ ዕቁቤ ትዝ አለኝ።

ዕቁባችን ሃያ የምንሆን አበሾች ያለንበት ነው፤ ነጋዴ አለ፣ ባለ ታክሲ አለ፣ ሁለት የጴንጤ ቤተሰቦችም አሉ። ዳኛችን እሷው እመቤቲቱ ነበረች። በየእሑዱ ዕጣ ይወጣል። ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ ዕጣ ግን ሳይጣል ለኔ እንዲሰጠኝ ሁሉም አስቀድመው ተስማምተዋል፤ ለዓይኔ ሞራ ማስገፈፊያ። ሐኪሙ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ቀኙም ከጠፋ ቢላዋ የሚያስይዘኝ የለም፤ ያን ሰሞን እንኳ ቢላዋ ስስል ሁለት ጊዜ ጣቴን ቆርጫለሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ዓይኔን የሚያድነው ገንዘብ እሱ ብቻ መሆኑንም አውቃለሁ።

በዕቁብ ደግሞ ዕጣ መሸጥ አለ። የቸገረው ሰው ተራውን ለሌላው በቅናሽ ይሸጥና ዛሬውኑ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ ተራው ሲደርስ ገዢው ሙሉውን ይወስዳል። እኔም ባለ ታክሲውን፣ «የፋሲካውን ዕጣዬን ትገዛኛለህ?» አልኩት። አሰበና፣ «ይሁን» አለ። ለምን እንደምሸጠው አልነገርኩትም። ገንዘቡን አምጥቼ እመቤቲቱ ፊት ስቆልለው እምቢ አትለኝም፤ እጄ እድለኛ ነው፤ እጥፍ አድርጌ ዓይኔንም አስገፍፋለሁ፤ ኮትም እገዛለሁ። በእውነት ኮት አስቤ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከምግብ ቤቱ ጓሮ ባለው በረንዳ ተሰበሰብን። ባለ ታክሲው ብድግ አለ።

«ዳኛ፣ የፋሲካውን ዕጣ ምዜ ለኔ ሸጠውልኛል» አለ። ምዜ የሚለኝ እሱ ነው፤ እዚህ አገር ሽማግሌ እንዲያ ነው የሚባለው።

እሷ ወደኔ ዞረች። ፊቷ አይታየኝም፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ።

«ደንቡን ያውቁታል አባባ። ዕጣውን የሚሸጥ ሰው ምክንያቱን በዕቁብተኛው ፊት ይናገራል።»

አውቀዋለሁ። ውሸትም አዘጋጅቻለሁ፤ አገር ቤት ያለው ወንድሜ ታሟል ልል ነበር። ቀና ስል ሃያ ፊት እንደ ጉም ከቦኛል። ማን እንደሚያዝን፣ ማን እንደሚስቅ አላይም። ሲያዩኝ ግን ይሰማኝ ነበር። ያ ወንድሜ ጤነኛ ነው፤ በጾም እንዴት ላሳምመው?

«ለቢንጎ ነው» አልኩ።

«ለምን አሉ?» አለች ዳኛዋ።

«ለቢንጎ።»

ከዕቁብተኛው ቀድማ የተናገረችው ጨርቅ የምትነግደው ሴት ናት፤ «እኛ ተራችንን የለቀቅንልዎ ለዓይንዎ ብለን አይደል እንዴ!» አለች። ድምፅዋ እንደ መሰበር አለ።

ባለ ታክሲው ራሱን ያዘ። «ምዜ! ዓይንዎን በቁጥር ሊበሉት ነው? ኧረ እኔ አልገዛም! የሰው ዓይን ገዝቼ የት ልሰካው ነው? ታክሲው ላይ?»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ስስቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ትጠራ የነበረችው ሴትዮ ዝም ስትል ተሰማኝ። በቀን ብርሃን፣ በሰው ፊት ስሟ ሲጠራ አቅም አነሳት። እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ እመቤቲቱ ወደ ጠባቧ ክፍል ወሰደችኝ። ኮምፒውተሩን አልከፈተችውም።

«እዚች በርጩማ ላይ ለምን እንዳስቀመጥኩዎ ያውቃሉ?»

«እጄ እድለኛ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።»

«አይደለም አባባ።» «አምና ብቻዬን ነበር የምጫወተው። በሩን ከውስጥ ቆልፌ። ለወጥ ቤቱ ምድጃ ያኖርኩትን ጨረስኩት። ማንም አያውቅም፣ እህቴም አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ሰው አጠገቤ ካልተቀመጠ አልከፍተውም ብዬ ማልኩ። ሌላው ሁሉ ልክ፣ ሰዓቱም እስሩም፣ አንዳንድ ቀን አያቆመኝም። እርስዎን አፍራለሁ፤ እሱ ያቆመኛል።»

እኔ ዕድል ነኝ ስል ለካ አጥር ነበርኩ። ያውም ሊወድቅ የደረሰ አጥር።

«እርስዎም ከገቡበት ማንን ላፍር ነው?» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በርጩማው ባዶውን ከረመ፤ ክፍሏም እንደተዘጋ።

ዕቁቤ በተራው ደረሰኝ። ወደ ሐኪም ቤቱ የወሰደኝ ባለ ታክሲው ነው፤ ሒሳብ አልተቀበለኝም፤ «የሰካሁትን ዓይን በነፃ ነው የማመላልሰው» እያለ ሲያሾፍ ሄደ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የገዛ እጄን ነው። በዓመታት ውስጥ ቢላዋው የጻፈብኝ ጠባሳ ሁሉ አንድ በአንድ ተነበበኝ። ስንመለስ በመኪናው መስኮት እያንዳንዷ ቅጠል ለብቻዋ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስል ነበር። «ቀስ በል» አልኩት፤ ቀስ አለልኝ።

በሌላ ሳምንት በምሳና በራት መካከል ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ጠራችኝ። «ከተቀመጡልኝ ጥቂት ልሞክር። ጾሙ ቢወጣም ዘጠኝ ሰዓቱን አልለቀቅሁም።»

ተቀመጥኩ። ክቦቹ ለካ ቀለም ነበራቸው! ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ እንደ ሕፃን ከረሜላ። አፌን ከፍቼ አየሁ። ከዚያ ከታች፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ደቃቅ ቁጥር አየሁ። ማንም አይጠራትም። አዲስ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ዝም ብላ ታንሳለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የቀረኝ ገንዘብ።»

«ድሮም ነበረች?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እኔስ ሞራ ጋረደኝ። አንቺ አምና አላየሻትም?»

«ዓይኔ ጤነኛ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አላየኋትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ከውስጥ ቁጥሯን ስትጠራ እኔ ከበርጩማዬ የጥጉን ቁጥር እጠራለሁ፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ጠራሁ። በሩ ሲንኳኳ ካርዷ ላይ አንዲት ቁጥር ቀርታ ነበር። ሁለታችንም አየናት። ዘጋችው።