ሦስታችንም ራሳችንን ነቀነቅን

በዚያ የኮሮና የማስክ ዘመን፣ ካምፓላ ያለ ሐበሻ ሁሉ በእኔ ላይ ተስማምቶ ድምፁን የቀነሰ ይመስለኝ ነበር። ካንሳንጋ ሰፈር ካለ ምግብ ቤት ገብቼ ስቀመጥ ዙሪያዬ ሁሉ ይንሾካሾካል። ሲስቁ ይሰማኛል፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አይገባኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ እኔን ነው የሚያሙት አልኩ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን ሐኪም ዘንድ ታይ» ስትለኝ ተቆጣሁ። ታይቼ የለ እንዴ! ክሊኒክ ጸጥ ያለች ጠባብ ክፍል አስገብተው መርምረውኝ፣ «ለዕድሜዎ ደህና ነው» ብለውኛል። ሰው የሚያመላልሰው የቦዳ ሞተር ከቁልቁለቱ ሲመጣም ከእሷ ቀድሜ እሰማለሁ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሚያልጎመጉመው ሰው ነዋ!

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ባልና ሚስት እንድናስታርቅ የተጠራነው። ሦስት ሽማግሌዎች ነበርን፤ በዕድሜ እኔ እበልጣለሁ። ሚስትየዋ ቤቷን ጥላ እህቷ ጋ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ባልየው እንድትመለስ ይፈልጋል። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው፣ በሎክዳውኑ የተዘጋ የጓደኛው ምግብ ቤት። ወንበሩ ተደራርቦ ጥግ ቆሟል፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ መጋረጃ የለ፣ ምንጣፍ የለ። አንድ ሰው ሲያስል አራት ሰው ያሳለ ይመስላል። በዚያ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር።

ባልየው ከጎኔ ተቀምጦ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ጮክ ብሎ ተናገረ። «ጋሼ፣ ያለ ምንም ምክንያት ነው ጥላኝ የሄደችው» አለ። አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ተራው የእሷ ሆነ። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ማስኳን እስከ ዓይኗ ስር ስባ፣ አንገቷን ደፍታ ተናገረች። ድምፅስ ይመጣል፤ ግድግዳው ግን እየመለሰ አንዱን ቃል በሌላው ላይ ይደርበዋል። እውነት ያላት ሴት አንገቷን አትደፋም፣ ይቺ የምትደብቀው ነገር አላት አልኩ በሆዴ። ድገሚው እንዳልላት አፈርኩ። የማይሰማ ሽማግሌ ማን ይጠራል? «እህ... እህ...» እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። እኔ ስነቀንቅ ሁለቱም ሽማግሌዎች ነቀነቁ።

ከዚያማ ፈረድኩ። «ልጄ፣ ትዳር መቻል ይጠይቃል። ይቅር በይውና ቤትሽ ግቢ።» ሁለቱም ደገፉኝ።

ተነስታ እንደ ወጉ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። አልሳመችም። ማስኳን አውርዳ ከጆሮዬ ስር፣ «ጋሼ፣ እንደሚደበድበኝ ሦስት ጊዜ ነገርኩዎት እኮ። አንገቴን ማነቁን ሁሉ ነገርኩዎት። እርስዎ እኮ እህ ሲሉኝ ነበር» አለችኝ።

እያንዳንዷ ቃል ገባችኝ። ድምፅ መስማትና ንግግር መለየት ለካ ሁለት ነገር ነው! ወይ እኔ፣ ምን ይዋጠኝ? ወደ ጓደኞቼ ዞሬ «እናንተ ሰምታችኋል?» አልኩ። አንዱ ወለሉን አየ። ሌላው «አንተ ስትነቀንቅ የሰማህ መስሎኝ ነው» አለ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ባልየው ግን የመኪና ቁልፉን ይዞ፣ በሩን ከፍቶ እየጠበቃት ነው።

«ተመለስና ቁጭ በል!» አልኩት። «ሚስትህ ያለችውን አልሰማሁም። የሰጠሁት ፍርድ ፈርሷል።»

ዝናቡ ሲያባራ ጓሮ ወጣን። ወንበሬን ከእሷ አጠገብ አድርጌ፣ ማስኳን አስወልቄ፣ ከመጀመሪያው አስነገርኳት። ባልየው ጮክ ማለቱን ትቶ ነበር። ስትጨርስ ወደ እህቷ ቤት እንድትሄድ፣ እሱም ደጃፏ እንዳይደርስ ወሰንን። ያንን የሚያስተጋባ ባዶ ቤት አውቆ እንደመረጠው እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

እሷን ቦዳ ድረስ ሸኘኋት። ሞተሩ ላይ ከመውጣቷ በፊት ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ጎንበስ ባልል ኖሮስ?»

ይህችንም በደንብ ሰማኋት።