ላሽ ያሉት ግንባሬ

ይቅር በይ የሚሉኝ ሰዎች ግንባሬን አይተውት አያውቁም። ሻሽ አስሬ ነው የኖርኩት።

በልጅነቴ ፀጉሬን ይሠሩኝ የነበሩትን ሴትዮ ያህል፣ አርብ ገበያ ላይ ሹሩባ በመሥራት ስም ያላት ሴት አልነበረችም። ሥራቸው የሚለካው በጥብቀቱ ነበር፤ ከእጃቸው የተነሣች ልጅ ዓይኗ ወደ ላይ ካልተሳበ "አልጠበቀም" ብለው ፈትተው ይደግሙታል። እኔም በየሁለት ሳምንቱ ጥርሴን ነክሼ ጉልበታቸው ሥር ተቀምጫለሁ። በታጨሁ ጊዜ ከጆሮዬ በላይ ፀጉሬ ሳስቶ ቆዳዬ ይታይ ጀመር። ሄጄ አሳየኋቸውና ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ሰብስበው በገበያተኛው ፊት፣ "ይችን ላሽ በልቷታል! ማበጠሪያዬን እንዳትነኪብኝ፣ ሰው ላይ ይጋባል!" አሉ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ እጮኛዬ ቤት ገባ። ሽማግሌ ልከው የጠየቁን ሰዎች በዚያው ሳምንት ቃላቸውን አነሡ።

ዛሬ እዚያው አርብ ገበያ የጤና ባለሙያ ነኝ። የሴቶችን ፀጉር የምመረምርባቸው ዕቃዎች በአንድ የእጅ ቦርሳ ይገባሉ፦ ነጭ ወረቀት፣ ማበጠሪያ፣ ስልኬ ካሜራ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማጉያ። ላሽ ከሆነ ቦታው ክብ ነው፣ ሲበጠርም ወረቀቱ ላይ ቅርፊት ይራገፋል። በመጎተት የሳሳ ከሆነ ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ በግንባርና በጆሮ ዳር የተበጣጠሱ አጫጭር ፀጉሮች በስልኩ ይታያሉ። ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል። የእኔ ሥሩ ሞቷል።

ባለፈው ወር እኚያው ሹሩባ ሠሪ መጡ፣ ለጥር የታጨች የመጨረሻ ልጃቸውን ይዘው። ሹሩባዋ አዲስ ነው፣ ዓይኗ ተስቧል፣ ከጆሮዋ በላይ ቆዳዋ ይታያል። እውነቱን ልናገር፣ "ደህና ናት፣ ይዘዋት ይሂዱ" ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ጥቂት ዓመት ቢያጠብቁላት እንደ እኔ ትሆናለች። ሳስበው ደስ አለኝ።

ልጅቱ ቀና ብላ፣ "እትዬ፣ ላሽ ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔም ያኔ በዚያው ድምፅ ነበር የጠየቅሁት።

"ላሽ አይደለም፤ ጥብቀቱ ነው። ማን ነው የሚሠራሽ?"

ወደ እናቷ አየች።

"በሉ ይፍቱት" አልኳቸው፣ "እዚሁ።"

ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች ግማሾቹ ደንበኞቻቸው ነበሩ። ስም ያወጡበትን ሥራ በእነሱው ፊት አንድ በአንድ ፈቱት። አልራራሁም። ሲጨርሱ ሻሼን ፈትቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ማበጠሪያውን፣ ወረቀቱንና ስልኩን ሰጠኋቸው።

"አሁን ደግሞ የእኔን ላሽ ይፈልጉልኝ።"

አበጥረው ወረቀቱን አዩ፤ ንጹሕ ነበር። "የለም" አሉ በሹክሹክታ።

"ያኔ ሲናገሩ ገበያው ሁሉ ሰምቶዎት ነበር።"

"ላሽ የለባትም!" አሉ ጮክ ብለው። "እኔው ነኝ ያጠበቅሁባት።"

ቀጣይዋን ሴት ሻሼን ሳላስር መረመርኳት።