እናቴ ሴፍቲኔት እንድትገባ ተሰደድኩ

ሌላው ስደተኛ የሚወጣው በሌሊት ነው። እኔ ግን ከራቤል የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ሕዝብ እያየኝ ነው። እንዲያየኝም ፈልጌ ነው። አይሱዙው ላይ ቆሜ ለቀበሌው ሊቀመንበር እጄን እያወዛወዝኩ፣ «ደረጀ! ይኸው ሄድኩ! እናቴ ቤት ጉልበት ያለው ወንድ የለም! ምስክር ሁን!» ብዬ ጮህኩበት። ገበያተኛው ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የመኪናውን ጎማ ታያለች፤ ፊቴን ማየት አቅቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዓመት ውርጭ ገብሳችንን ሙልጭ አድርጎ በላው። በልጉማ ቀድሞውኑ ከድቶናል። በጎቹም ተሸጠው አልቀዋል። እናቴ ወገቧን ከታመመች ከርማለች፤ እንኳን እርከን ልትሠራ ውኃ መቅዳት ትታለች። እንዲህ ላለው አቅመ ደካማ ሴፍቲኔት የሚሉት የመንግሥት እርዳታ አለ፤ ሥራ ሳይጠየቅ በየወሩ ስንዴና ዘይት ይሰፈርለታል። ደግፌ ቀበሌ ወሰድኳት። ሊቀመንበሩ ደረጀ ከእኔ ጋር ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነው። ፊደሉን ሳይጨርስ ነው ያቋረጠው፤ ደግነቱ ሹመት ፊደል አይጠይቅም።

«እማማ በለጡ፣ እርስዎ አይገባዎትም» አላት።

«ምነው ልጄ?»

«ቤትዎ ውስጥ ጉልበት ያለው ወንድ አለ።»

«እኔን ነው?» አልኩት። «እንግዲያው እኔን የሴፍቲኔቱ እርከን ሥራ ላይ አስገባኝና ሠርቼ ላብላት።»

«ኮታው ሞልቷል።»

«እሷ እኔ ስላለሁ አታገኝም፣ እኔ ኮታ ስለሞላ አልሠራም። ምን እንብላ?»

ደረጀ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከወረዳ አቅጣጫ ተቀምጧል» አለ። አቅጣጫው ወደ ምሥራቅ ይሁን ወደ ምዕራብ አልነገረንም።

«እኔ ባልኖርስ?»

«ያኔ ይታያል።»

ሰው ለትምህርት ይሰደዳል፣ ለፖለቲካ ይሰደዳል። እኔ ከእናቴ ቤተሰብ ቁጥር ላይ ልቀነስ ብዬ ተሰደድኩ።

በረሃውንና ባሕሩን አልተርክላችሁም። ሌሎች ተርከውታል፤ ሰሚውም የሚጠይቀው ማልቀስ ሲያምረው ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሱዳን ሳለሁ በጎረቤት ስልክ እናቴን አገኘኋት።

«ጻፉኝ ልጄ» አለችኝ። «ስንዴ ወሰድኩ። ነቀዝ እንኳ የለውም።»

ከዚያ በኋላ ሊቢያ ውስጥ በጎማ ቱቦ ሲገርፉኝ እሱን ነበር የማስበው። ስንዴው ነቀዝ የለውም።

እንግሊዝ ደረስኩ። ብዙ አቆይተው የመኖሪያ ፈቃድ ሰጡኝ፤ በሰጡኝ ማግሥትም ካስጠለሉኝ ቤት እንድወጣ ነገሩኝ። እንኳን ደስ አለህና ውጣልኝ ባንድ ትንፋሽ ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ያገኘሁት ክፍል ባዶ ነበር፤ አልጋ የለ፣ ምድጃ የለ። ላንድሎርድ የሚሉት አከራዬ ቁልፍ ሲሰጠኝ፣ «ምድጃው የት ነው?» አልኩት።

«አንፈርኒሽድ ነው» አለኝ፣ የደጃዝማችነት ማዕረግ እንደሚጠራ ደረቱን ነፍቶ። ለካስ ባዶ ማለት ነው።

«ታዲያ በምን ላብስል?»

«ሰላድ ብላ። ለጤና ጥሩ ነው።»

ቅጠል ብላ ማለቱ ነው። በዚያ ብርድ! እኛ ለበጉ እንኳ ቅጠሉ ላይ ጭድ እንጨምርለታለን።

መንዜ ብርድ ይፈራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። የጓሳ ተራራ ንፋስ ያሳደገኝ ነኝ። የኛ ብርድ ግን ወንድ ነው፤ ፊት ለፊት መጥቶ ይመታህና ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል። የዚህ አገሩ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እንደ ክፉ ተከራይ አልወጣም ይላል። ዝናቡም አይዘንብ፣ አያባራ፤ ይቆዝማል። ማሞቂያው ሚተር አለው። ካርድ ካልሞላህለት ይጠፋል። የምበላው በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላ ነው፣ ያውም ሳይሞቅ፣ ያውም ስኳር የገባበት። ባቄላ በስኳር! ይህን ያደረገ ሕዝብ ነው እንግዲህ እኛን ኋላ ቀር የሚለን።

ጎረቤቴ የሶማሌ ሰው ነበር። አንድ ቀን ቆርቆሮዬን በማንኪያ ስፍቅ አየኝና አዘነ። «ካውንስል ሂድ» አለኝ። «ለምድጃና ለማሞቂያ ይረዳሉ።»

ካውንስል የነሱ ቀበሌ ነው። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ወለሉ ይሸታል፤ ሳሙና ሳሙና ማለቴ ነው። ጁሊ የምትባል ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴትዮ ተቀበለችኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ከድምፁ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል።

«ምድጃ እንደሌለህ በምን ታረጋግጣለህ?» ትልሃለች አለኝ።

«መጥታ ትየው።»

«ቤት ድረስ ሄዶ ማየት ቀርቷል። ፎቶ አንስተህ አምጣ ነው የምትለው።»

«የምኑን ፎቶ?»

«የሌለውን» አለኝ።

ሄጄ የግድግዳውን ፎቶ አነሳሁና በቀጠሮዬ ተመለስኩ። ጁሊ ስልኬን አዟዙራ አየች። «ይህ ግድግዳ ነው» አለች።

«አዎ። ምድጃው የሌለው እዚያ ጋ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አመነችኝ። ከዚያ ንብረት እንዳለኝ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ መንግሥት ፊት አልዋሽም የምል ጅል፣ «ትንሽ መሬት አለኝ፣ አገሬ ጊሼ» አልኩ።

«ስንት ያወጣል?»

«አይሸጥም። መሬት የመንግሥት ነው።»

«እንግዲያ ያንተ አይደለም።»

«የእኔ ነው። አባቴ ያረሰው ነው።»

«ያንተ ነው ወይስ የመንግሥት?»

«የሁለታችንም።»

«ወንድሜ» አለኝ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በናትህ የለኝም በልና እንገላገል።»

አልልም አልኩ። የአባቴን መሬት ለምድጃ ልካደው? ጁሊ «ሶሪ» አለች። ሶሪን እንደ ጠበል ይረጩታል፤ አያድንም እንጂ። መሬት ያለው ሰው በዚህ ገንዘብ አይረዳም፣ ጋይድላይኑ አይፈቅድም አለች። ጋይድላይን ምንድነው ብዬ ስጠይቅ አስተርጓሚው አሰበና፣ «ያው አቅጣጫ በለው» አለኝ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ደረጀ! እዚህም ቀድመኸኝ ደረስክ?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ።

«ይህን ልተርጉመው?»

«ተርጉመው!»

አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ብዙ አወራ፤ ካልኩት እጅግ የበዛ። የጁሊ ፈገግታ ጠፋ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምድጃውም ይላካል፣ ሚተሩም ይሞላል ተባልኩ። በሩ ጋ ስደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሬን ለጁሊ ስነግራት የያዘው አስተርጓሚው ነው።

«ምን ብለህ ነው?» አልኩት።

«መሬትህን ጎርፍ ወሰደው አልኳት።»

እንግሊዝ አገር በራብ ያልሞትኩት በዚህ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ እየለቀመ ያቀናውን መሬት አንድ የማያውቀኝ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎርፍ ሰደደበት። እንደ የኔ ቢጤ «እግዜር ይስጥህ» አልኩት። መንገድ ላይ ግን ቆሜ አለቀስኩ፣ ያ ሁሉ እርሻ እውነት የተወሰደ ይመስል።

ምድጃው መጣ። ያመጡት ሰዎች በር ላይ አስቀምጠው ሄዱ፤ ሽቦውን የሚያገናኘው ሌላ የሥራ ክፍል ነው ተባለ። ያ ክፍል እስኪመጣ ምድጃዬን ገበታ አድርጌ፣ ላዩ ላይ ቀዝቃዛ ባቄላ በላሁ። በመጨረሻ ተያያዘና የመጀመሪያዋን ሽሮ ሠራሁ። አረረችብኝ። አርራም በላኋት።

ለፋሲካ እናቴ ጋ ደወልኩ። ድምፅዋ እንደ ሙሽራ ደምቋል።

«ልጄ፣ ተመረቅኩ!» አለችኝ።

«ምን?»

«ከሴፍቲኔት ተመረቅኩ። በስብሰባ ስሜን ጠርተው፣ ‹ወይዘሮ በለጡ ልጃቸው እንግሊዝ አገር ስለሆነ ራሳቸውን ችለዋል› አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ። ደረጀ ራሱ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ።»

«ስንዴውስ?»

«ቀረ እንጂ። የተመረቀ ሰው ይሰፈርለታል እንዴ?»

ጉልበት ያለው ወንድ ስለነበራት ከለከሏት፤ ጉልበት ያለው ወንዷ ስለሄደ ደግሞ አስወጧት። ልሳደብ አፌን ስከፍት እሷ ቀጠለች።

«አባትህ ከሞተ ወዲህ ስሜ በሰው ፊት በክብር ተጠርቶ አያውቅም፣ ልጄ። ስንት ሰው ነው የቀናው መሰለህ። ልጇ ለሰው እጅ አይዘረጋም፣ ነጭ አገር ቤት ሠርቶ ይኖራል እያሉ።»

ስድቤን ዋጥኩት።

«ምን ትበያለሽ አሁን?»

«አንተ አለህልኝ አይደል?»

«አለሁልሽ።»

«ቤትህ ይሞቃል?»

«ይሞቃል።»

«እሰይ። እኔን እንዳስመረቀኝ አንተንም ያስመርቅህ» አለችኝ።

«አሜን» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት።