ፊውዝ ከእጅ ወደ እጅ

የታላቅ እህቴ ባል የጡብ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ሲራመድ የማይቸኩል ሰው ነበር። የሥራ ሱሪው ኪስ ዘወትር ስለሚከብድና ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ሠራተኛው «ባለኪሱ» ይለው ነበር። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው። እዚያው ፋብሪካ እቶን ላይ ስለምሠራ ቀን በሥራ፣ ማታ በእህቴ ቤት አብረን ነበርን። ዛሬ እሱም እህቴም የሉም። ፋብሪካው የነበረበትም ቦታ ግንብ በቅሎበታል።

ዓይኔን ስጨፍን ግን ይታየኛል። ከበሩ ስትገባ በስተግራ የአፈር ክምር፣ ቀጥሎ ጭቃ ማቡኪያው፣ ከዚያ እርጥቡ ጡብ የሚደረደርበት ረጅም ዳስ፣ መጨረሻ ላይ እቶኑ። ጠዋት የጭቃና የሞቀ ዘይት ሽታ ይቀበልሃል። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ሳቁ ግን አይነጥፍም።

ማቡኪያው ትልቅ የብረት ገንዳ ነው። ሆዱ ውስጥ ክንድ የሚያካክሉ ቢላዎች በሞተር ይሽከረከራሉ። ጭቃው ቢላዎቹ ላይ ሲደርቅ ሰው ገብቶ በመሮ መፋቅ ነበረበት። ማብሪያው ያለው ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ገንዳው ውስጥ ማን እንዳለ አያይም። ገንዳው ውስጥ ያለውም ማብሪያው ላይ የማን እጅ እንዳረፈ አያውቅም።

ባለኪሱ ለዚህ የራሱን ደንብ አወጣ። ማብሪያውን ካወረደ በኋላ ሦስቱን ፊውዝ ይነቅላል። ነጭ የሸክላ እጀታ ያላቸው፣ መዳፍ የሚሞሉ ፊውዞች ናቸው። ሁለቱን ኪሱ ይከትና አንዱን ገንዳው ውስጥ ለሚገባው ሰው በእጁ ይሰጠዋል።

«እንካ፤ ነፍስህን ያዝ» ይለዋል።

ሰውየው ጨርሶ ሲወጣ ፊውዙን ለራሱ ለባለኪሱ፣ በእጁ ይመልሳል። ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ የለም። በጓደኛ መላክም የለም። ሦስቱ እጁ እስኪገቡ ማቡኪያው አይነሳም።

መጀመሪያ ሳቅንበት። ከሁሉ የሚብሰው ቀልደኛ «ረጅሙ» የምንለው ፋቂ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ የሚገባው እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ነው።

«ባለኪሱ፣ ይህቺ ነፍስ ለቁመቴ አጠረችኝ። ረዘም ያለች የለህም?»

«ያቺኑ ጠብቅ፤ መለዋወጫ የላትም።»

እያደር ግን ለመድነው። ያን ፊውዝ ኪስህ ከተህ ቢላዎቹ መሃል ስትቀመጥ የሚሰማህን ሰላም ያልገባበት አያውቀውም።

አንድ ዓመት ዝናቡ ሊያባራ ሲል ዋናው ኤሌክትሪሺያን ጡረታ ሊወጣ ሆነ። ቦታው የባለኪሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከቦታው ጋር ደግሞ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ያለ ቤት አለ፤ ባለ ሁለት ክፍል፣ የቧንቧ ውሃ ጓዳ ድረስ የገባለት። እህቴ የምትኖረው ጣሪያው በሚያፈስ የኪራይ ክፍል ነበር። ሲዘንብ አልጋው ከጥግ ወደ ጥግ ይሰደዳል። ሄዳ ቤቱን አየችው። መስኮቱን በክንዷ ለካችው። ጎረቤቶቿን መሰናበት ሁሉ ጀምራ ነበር።

«እትዬ፣ ገና ሳይሰጣችሁ?» አልኳት።

«አንተ ዝም በል። ቧንቧው እንኳ ለምዶኛል።»

ሹመቱ ሊነገር በታሰበበት ሳምንት ነው ነገሩ የሆነው። ረጅሙ እንደ ልማዱ ፊውዙን ተቀብሎ ገንዳው ውስጥ ገባ። ባለኪሱ ደግሞ የእቶኑን ማራገቢያ ሊጠግን እኔ ጋ መጣ። ከምሳ በኋላ ወደ ማቡኪያው ሲመለስ ረጅሙ የለም። ፊውዙም የለም።

የፈረቃው አለቃ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

«ምን ቆመሃል? አስነሳው እንጂ።»

«ረጅሙ ፊውዙን አልመለሰልኝም።»

«ወጥቶ ሄዷላ! ኮቱ መስቀያው ላይ የለም። ገንዳውንም በባትሪ አይተነዋል፤ ባዶ ነው።»

«አልመለሰልኝም።»

«መጋዘን ስንት ፊውዝ ተቀምጧል፤ አንድ አምጣና ሰካ።»

«ፊውዝስ ሞልቷል» አለ ባለኪሱ። «ረጅሙ ግን አንድ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እቶኑ በባዶው ይነድዳል፣ ጡብ ሊጭኑ የመጡ መኪናዎች በር ላይ ተሰልፈዋል። ጎንበስ ብሎ ገንዳውን በራሱ ዓይን አየ።

«ወንድሜ፣ ሰው የለበትም። አሁን ካላስነሳኸው ያሰብንልህን ነገር እንደገና ላስብበት ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ባለኪሱን ወደ ጎን ሳብ አደረግኩት።

«ጋሼ፣ እኔም አይቻለሁ፣ ባዶ ነው። ስለ እትዬ ብለህ።»

«በልጅነቴ የሠራሁበት ፋብሪካ ነበር» አለኝ በዝግታ። «እዚያም አይተን ነበር። ተጣርተንም ነበር። ውስጡ የነበረው ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው።»

ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። በርጩማ አምጥቶ ማብሪያው ክፍል በር ላይ ተቀመጠ።

«ብስክሌቴን ውሰድና ረጅሙን ፈልገህ አምጣልኝ።»

ረጅሙ ቤት ስደርስ ሚስቱ ልብስ ታሰጣለች። «ከሥራ አልመጣም» አለችኝ። በባትሪ ያየሁት ገንዳ እንደገና ዓይኔ ላይ መጣ፤ ከቢላዎቹ በታች ያለውን ጨለማ ጥግ በደንብ አይቼው ነበር? ሴትዮዋ ፊቴን አይታ፣ «ምነው? እናቱ ዛሬ ይመጣሉ፤ ምናልባት በዚያው አውቶቡስ ጣቢያ ሄዶ እንደሆነ» አለች።

ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። ረጅሙ ግን ፈልጉኝ አይልም፤ ጭንቅላቱ ከሁሉ በላይ ይታያል። የእናቱን ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ፊውዙስ?»

ኪሱን ዳበሰ። «ይኸው። ባለኪሱን ብፈልገው አጣሁት፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሊደርስብኝ ሆነ። ለሌላ ሰው እንዳልሰጠው ደንብ አለ። ነገ ጠዋት በእጁ ላስረክበው ነበር።»

ልስቅም ልመታውም ዳዳኝ።

«ልጄ ምን አጠፋ?» አሉ እናቱ።

«ምንም እማማ። ደህና መሆኑን ላይ ብዬ ነው።»

ጆንያውን ብስክሌቱ ላይ ጭነን፣ እናቱንም ይዘን ተመለስን። ባለኪሱ በርጩማው ላይ እንዳለ ነው። ረጅሙ ያለ ቀልድ ፊውዙን ዘረጋለት። ባለኪሱ ፊውዙን ሲቀበል የሰውየውን እጅ ጥቂት ይዞ አቆየው። ማቡኪያው ሲነሳ ፀሐይ አቆልቁላ ነበር። መኪናዎቹም ባዷቸውን ሄደዋል።

ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቤቱም አብሮ ሄደ። እህቴ ወሬውን የሰማችው ከጎረቤት ነው። ያን ቀን ማታ ባሏ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣

«ሰውየው ጣቢያ እናቱን ይቀበል ነበር አሉ» አለች።

«አዎ።»

«እሱ እናቱን ሲቀበል አንተ ቤቴን ሸኘህልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ለእሱ የምትናገረው በእኔ በኩል ሆነ። ከፊቷ ተቀምጦ እያለ፣ «ለዚያ ሰውዬ ራት ቀርቧል በለው» ትለኛለች። እሱም፣ «ደርሶኛል በላት» ይላል። እኔ መሃል ቤት ስልክ ሆንኩ።

እንዲህ ስንከርም አንድ ምሽት ራት እያወጣች፣ «ለመሆኑ ነገ ገንዳውን የሚፍቅ ማነው?» አለችኝ፤ ወሬ ለማስጀመር ያህል ነው።

«ረጅሙ እናቱን ሊሸኝ ፈቃድ ወስዷል። እሱ ሲቀር ተራው የእኔ ነው።»

ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። ጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይላል። እኔን አየች፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ያላየችውን ባሏን አየች። ወጡን አወጣች።

በማግስቱ አብረን ልንሄድ ጠዋት ብቅ አልኩ። ባለኪሱ ብስክሌቱን እየገፋ ደጃፉን እንዳለፍን እህቴ ከኋላችን ወጣች።

«ስማ» አለች።

እኔን መስሎኝ ዞርኩ። የምታየው ግን እሱን ነበር።

«ለወንድሜ ሦስቱንም ስጠው።»

ባለኪሱ ከት ብሎ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። እንደምንም ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ፣ «ከባድ ናቸው፤ ኪሱን ይቀዱበታል» አላት።

«ይቅደዱት። እኔ እሰፋለታለሁ።»