እስከ አስፋልቱ ይሸኙኝ

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ካለው ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ አንዲት ወጣት ነርስ ታብሌቷን እያየች «እናቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ጉልበቴ እኮ ደረጃ አላስወጣ ብሎኝ ነው የሄድኩት! ልጅቷ ያልኳትን መዝግባ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። በራሴ ሳቅሁ፤ በዚህ መልስ ያበድኩበት ክረምት ትዝ አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጦር ሜዳ በተመለሱ ወታደሮች ኑሮና ጤና ላይ ጥናት ሲደረግ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቢሯችን ካዛንቺስ ነው፤ እኔ የምዞረው ቂርቆስ። ጃንጥላዬ የተሰበረ፣ ጫማዬ ውሃ የሚያስገባ፤ መንገድ ዳር የምገዛው ትኩስ የበቆሎ ጥብስ ምሳዬም የእጄ ማሞቂያም ነበር። በምሞላው ቅጽ ላይ «ያመኛል» ያለ ሐኪም ዘንድ ይላካል፣ «ደህና ነኝ» ያለ ይታለፋል። አሥራ ስምንት ሰው ጠይቄ አሥራ ስምንቱም ደህና ሆኑልኝ። እኔ ጅሏ ደስ አለኝ።

አሥራ ዘጠነኛው አምሳ አለቃ በየነ ነበሩ። ጤናቸውን ስጠይቅ ሰልፍ ላይ እንዳሉ ቀጥ ብለው «ምንም አልሆንኩም!» አሉ። በሻይና በአምባሻ አስተናገዱኝና፣ ልወጣ ስል እንግዳ ብቻውን አይወጣም ብለው እስከ አስፋልቱ ሊሸኙኝ ተነሱ።

ሱቁ ጋ ስንደርስ ቆመው ባለሱቁን ስኳር ስንት እንደገባ ጠየቁት፤ አልገዙም። ትንሽ ሄደው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አሰሩ። ሦስተኛ የቆሙት የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ለመሳለም ነው። ሳያቸው ቀኝ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አምሳ አለቃ፣ ያምዎታል እንዴ?»

«ዳሌዬ ውስጥ ትንሽ ብረት ቀርቷል፤ በቃ፣ ይሄ ምኑ ይወራል? አጠገቤ የነበሩት ልጆች አልተመለሱም እኮ። እኔ በእግሬ እየሄድኩ አመመኝ ልበል?»

አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ በራሴም በቅጹም።

ቢሮ ተመልሼ ያየሁትን ስናገር፣ «ደህና ነን ካሉ ደህና ናቸው፤ ምን አደረቀሽ? ቅጹ አርብ ይገባል» አለኝ አለቃዬ። ሦስት ቀን ቀርቶኛል። «እደርሳለሁ» አልኩና የአሥራ ስምንቱንም በር እንደገና አንኳኳሁ። አሁን ስለ ጤና አልጠየቅሁም። ትንሽ ተጫውቼ ስነሳ «እስከ አስፋልቱ ይሸኙኝ» እላለሁ። ማን እምቢ ይላል? የት የት እንደሚቆሙ ቆጠርኩ፤ ሲቆሙ እኔም ቆምኩ፤ ያን ጊዜ ነው ያወሩኝ። አንደኛው ትንፋሽ አጥሯቸው ደረታቸውን ያዙ። ሌላው የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ግድግዳ ሥር ተለጠፉና፣ ቆይተው አፍረው ሳቁ።

አርብ ያየሁትንና የሰማሁትን በየቅጹ ጽፌ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አገላበጠና ፈረመ።

አምሳ አለቃ ሐኪም ቤት ሲጠሩ «አንቺ ልጅ፣ ጉድ አደረግሽኝ!» ብለው ተቆጡኝ። ብረቱ ወጥቶላቸው ሲያገግሙ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስመለስ እንደ ልማዳቸው ሸኙኝ፤ ሱቁንም አለፉት፣ አጥሩንም።

«ዛሬ የስኳር ዋጋ አይጠይቁም?» አልኳቸው።

«ቤት አለ» አሉና ሳቁ። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ነርሷ ጨርሳ «በቃ፣ መሄድ ይችላሉ» ስትለኝ አፈርኩ። ያን ሁሉ በር ያንኳኳሁ ሰው ዛሬ ራሴ ደህና ነኝ ብዬ ልወጣ!

«ልጄ፣ እስከ በሩ ትሸኚኛለሽ?» አልኳት።

ክንዴን ይዛ ወጣች። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆምኩ፤ ጫማዬንም አላሰርኩ፣ የስኳር ዋጋም አልጠየቅሁ።