አባቴ ለአራሚዎቹ ያደለው ክኒን

አባቴ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ በኋላ እንቅልፍ የሰጠው ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። እውነቱን ልናገር፣ መድኃኒቱን ወድጄው ነበር። ሲያቃስት የከረመ ሰው እፎይ ብሎ ሲተኛ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሐኪሟ ስታዝለት "ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ከመጠጥ ጋር ከሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል" ስላለች፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሳላይ ዓይኔን አልከድንም። ፈሪ ነሽ ይለኛል። ነኝ።

ማሽላችንን አረም ሲውጠው ጎረቤቶች ደቦ ወጡልን። ደቦ የጠራ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ አባቴም ደጃፍ ላይ ፍራሽ አስነጥፎ አራሚዎቹን ሲያስተናግድ ዋለ። ጠላና ንፍሮ ሳመላልስ ቆይቼ ትራሱን ላስተካክልለት ብል፣ የክኒኑን ማሸጊያ ባዶውን አገኘሁት።

"አባዬ፣ ክኒኑስ?"

"ወገባቸውን አመማቸው እኮ፣ ልጄ። ለእኔ ብለው ጎንበስ ቀና ሲሉ ውለው ዝም ልበላቸው? ለወንድሜማ አብልጬ ነው የሰጠሁት።"

ወንድሜ የሚላቸው በደርግ ጊዜ አብረውት ከወሎ በሰፈራ የመጡትን ሽማግሌ ነው፤ ጠላ ደግሞ ያልጠጣ የለም። ወደ ማሳው እየሮጥኩ "ማን ዋጠ? ስንት ዋጠ?" ብዬ ጮህኩ። ሳቁብኝ። ብዙዎቹ ለማታ ብለው ኪሳቸው ከተውት ስለነበር መለሱልኝ። ሽማግሌው ግን የሉም።

"ደክሟቸው እዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝተዋል። ተያቸው፣ ይረፉ" አሉኝ።

ስደርስ ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ጠራኋቸው፣ ነቀነቅኳቸው፣ ውሃ ረጨሁባቸው፤ አልነቁም። ማንኮራፋቱ ቆም ሲል እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ይመለሳል።

ባጃጅ ተጠራ። አባቴ አልቀርም ብሎ በስብራቱ ተሳፈረ። የጓደኛውን ራስ ታቅፎ "አንተ፣ ተንፍስ እንጂ! ተንፍስ!" እያለ እስከ አሶሳ ጉንጫቸውን መታ መታ ያደርጋል። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር እሱም ያቃስታል። ከሁለቱ የትኛውን እንደምጠብቅ ግራ ገባኝ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተደረገላቸውና በማግስቱ ነቁ። አባቴን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉት "እግርህ እንዴት አደረ?" ነው። አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

ቤት ስንገባ፣ ሐኪሟ እንደገና ያዘዘችለትን ክኒን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

"ውሰጂና ደብቂው" አለኝ። "የት እንዳስቀመጥሽው ለእኔም እንዳትነግሪኝ። ሰው አመመኝ ሲለኝ መከልከል አልችልም።"